የሦስት ሰው ሙቀት

በ2079 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ የሂክመት ይመር ቤት ላፕቶፕ እጅ የማያስነካ ሆነ። ክዳኑ ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠበት ሆዱ ይግላል። ማራገቢያው ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ያጓራል። ሲከፍቱት የማሳያው መስኮት እስኪመጣ ድረስ አንድ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማውን አስሮ ይመለሳል።

ላፕቶፑ ዐሥራ አራት ዓመት አገልግሏል። ደሴ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት እንዲህ ያለ አንድ ማሽን አለው፤ ሥራውም የቤቱን ሰዎች ነገ ማስላት ነው። ማን በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚያልቅበት፣ ምን እንደሚያመው። ሰዉ ትንበያ ይለዋል። ትንበያው ጎህ ሳይቀድ ለሱቁ፣ ለአውቶቡሱና ለመድኃኒት ቤቱ ይደርሳል፤ ጠዋት ሰው ሲመጣ የሚፈልገው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሱቅ ገብቶ «ይሄን ስጠኝ» ማለት ከቀረ ቆይቷል። ስሙ የተጻፈበትን ከረጢት አንስቶ ይወጣል።

ማሽኑ ሲያረጅ የሂክመት ቤት ነገ ወደኋላ ቀረ። መጀመሪያ በግማሽ ቀን፣ ከዚያ በሁለት ቀን። ጨው ባለቀባት ዕለት ከረጢቷ ውስጥ ሳሙና ታገኛለች፤ ጨው የሚመጣው ከጎረቤት ተበድራ ከጨረሰች በኋላ ነው። ጠዋት ኮምቦልቻ የሚወርደው አውቶቡስ አንዳንድ ቀን በሩን አይከፍትላትም፤ በእሱ ስሌት ዛሬ እሁድ ነው። ሂክመት ይህን ሁሉ ቻለችው። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኮምቦልቻ አንድ ጆንያ ፋብሪካ ውስጥ ስትሰፋ ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ብዙ ነገር ችላለች።

ያልቻለችው የባሏን መድኃኒት ነው። አንዋር በወጣትነቱ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና የጨረሰ ሰው ነበር። አሁን ስኳር ይዞት፣ ሁለት የእግር ጣቶቹን አስቆርጦ፣ ከዘራ ይዞ ቤት ውስጥ ይውላል። የኢንሱሊን ሣጥኑ መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ትንበያ ካልደረሰው አይከፈትም። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ሄዶ ሳይከፈትለት ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን በራቸው ላይ ወድቆ ጎረቤት አነሳው።

ቀበሌ ሄዳ አዲስ ላፕቶፕ ጠየቀች። ተራዋ የሚደርሰው ከዓመት ከስድስት ወር በኋላ መሆኑን ነገሯት። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑን በፎጣ ጠቅልላ ፒያሳ ወረደች።

ጋሽ ናሆም ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ጥገና ቤታቸው አንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ናት። የልጅነታቸውን ማሽኖች ስለሚያውቁ ሌላው ሰው «ጣሉት» ያለውን ሁሉ ወደ እሳቸው ያመጡታል። ላፕቶፑን ከፎጣው አውጥተው በእጃቸው ጀርባ ሆዱን ዳሰሱት፤ ልጅ ትኩሳት ይዞት እንደሆነ እንደሚያይ ሰው።

«መቼ ጀመረው?»

«ከመስከረም ወዲህ ነው፣ ጋሽ ናሆም።»

«ወድቋል? ውሃ ነክቶታል?»

«ኧረ አልወደቀም።»

«የት ላይ ነው የምታስቀምጪው?»

«ጠረጴዛ ላይ። ከሥሩ ዳንቴል አለ።»

«ዳንቴሉን አንሺለት። አየር የሚስበው በሆዱ ነው።»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው በቡሽ ክዳን ውስጥ አስቀመጡ። የማራገቢያው ክንፎች መሀል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። በቀጭን ብሩሽ ጠርገው፣ በመንፊያ ነፉት። ባትሪውን ጎኑን ጫን ጫን አድርገው አዩና «አላበጠም፣ ደህና ነው» አሉ። ከማቀዝቀዣው ብረት ሥር ያለው ቅባት ደርቆ እንደ አሮጌ ጭቃ ይፈረፈር ነበር። ጠርገው የሰሊጥ ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብታ አደረጉበት። ገጣጥመው አበሩት።

ማሽኑ ጸጥ አለ። ሂክመት እፎይ ብላ ሳትጨርስ፣ አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ማራገቢያው እንደገና አጓራ።

ጋሽ ናሆም መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «እንግዲህ በሽታው ከአካሉ አይደለም» አሉ። ማሽኑ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፍተው ረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?»

«ሁለት። እኔና ባለቤቴ።»

«ይሄ የሚያሰላው ሦስት ነው።»

ሂክመት አልገባትም። መስኮቱን ወደ እሷ አዞሩላት። ሁለት ስሞች አሉ፤ የእሷና የአንዋር። ሁለቱ ተደምረው ከማሽኑ ጉልበት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይወስዱም። ከሥራቸው ስም የሌለው ሦስተኛ መስመር አለ፤ የቀረውን ሁሉ የሚበላው እሱ ነው።

«ሴት ናት ይላል» አሉ ጋሽ ናሆም። «ዕድሜ ሃያ ስምንት። የጫማ ቁጥር ሠላሳ ስምንት።»

ሂክመት የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘች። ልጃቸው ነጃት በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከቤት ወጥታ ባሕር ልትሻገር ወደ ጅቡቲዋ ወደብ ኦቦክ ሄዳ ነበር። አብረዋት ከሄዱት ሁለቱ ደወሉ። እሷ አልደወለችም። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዐሥራ ዘጠኝና ዘጠኝ ሃያ ስምንት ነው።

«ስህተት ነው» አለች።

«ሊሆን ይችላል። ግን ማሽን ሰውን ከአየር አያመጣም፤ ምልክት ለቅሞ ነው።» ጋሽ ናሆም በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡላት። «የጓዳው ክፍል መብራት በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይበራል። ሦስተኛ ብርጭቆ ይታጠባል። አንድ ዳቦ ከተተነበየው በላይ ይበላል ወይም ይጠፋል። ኅዳር ላይ የሴት ጫማ ተገዝቷል። እነዚህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው አለ።»

«አራት ሰዓት ላይ እኔ ኮምቦልቻ ነኝ።»

«እንግዲያው አንቺ አይደለሽም» አሉ ጋሽ ናሆም፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁም።

ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ማሽኑ ለምን እንደሚግል በቀላሉ አስረዷት። ሂክመትንና አንዋርን ዐሥራ አራት ዓመት ስላያቸው እነሱን ማስላት አይከብደውም። የሦስተኛዋን የዛሬ ኑሮ ግን አያውቅም፤ ሁሉን ነገሯን እየገመተ፣ ግምቱን እያፈረሰ፣ እንደገና እየገመተ ነው የሚውለው። በዚህ አያያዝ አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት ወር ይቆያል፤ ከዚያ ይቃጠላል። መስመሩ ከተሰረዘ ግን ማሽኑ ገና አምስት ዓመት ያገለግላል። ለመሰረዝ የአባወራው ጣት ያስፈልጋል።

ሂክመት ላፕቶፑን ጠቅልላ ወጣች። ቤት ስትደርስ ዳንቴሉን አነሳች፤ ለአንዋር ግን ምንም አልነገረችውም። የነጃት ስም በዚያ ቤት እንዳይነሳ ያደረገው እሱ ነው። በአምስተኛው ዓመት ላይ አንድ ቀን ምሳ እየበሉ «ከእንግዲህ ስሟን እዚህ ቤት እንዳልሰማ» ብሎ እጁን ታጠበ። ለቅሶ አልተቀመጡም። ዱዓም አላስደረጉም። ስሟን መጥራት ብቻ ቀረ።

ማክሰኞ ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ፣ እንደወትሮዋ ጠዋት ወጥታ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው የእንጨት መሸጫ አጥር ጀርባ ቆመች። አራት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ጓዳውን ሞልታው ሳለ የጓዳው መብራት በራ። ጥቂት ቆይቶ አንዋር ንጹሕ ኮቱን ለብሶ፣ በአንድ እጁ ከዘራ፣ በሌላው ትንሽ ከረጢት ይዞ ወጣ። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው እያነከሰ ሲሄድ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ ነበር የሚራመደው፤ በጎኑ ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚተው።

ሹፌር የሌለው አውቶቡስ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ አንዋር ገባ። በሩ አልተዘጋም። ተሳፋሪዎቹ አልተቆጡም፤ አንዱ እንኳ ቀና ብሎ አላየም። የሚጠበቅ ሰው ሲኖር እንዲህ ነው። ሂክመት የዛሬ ትንበያ የላትም፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን አውቶቡሱ አያስገባትም። ሮጣ በዚያ ክፍት በር ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ፤ የአውቶቡሱ ድምፅም ዝግ ብሎ «እንኳን ደህና መጣሽ» አላት። ለማን እንዳለ ስታስበው ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች።

ከኋላ ሆና አየችው። አንዋር መስኮት ጋ ተቀምጧል። ከጎኑ ያለው ባዶ ወንበር ቀይ መብራት በርቶበታል፤ ተይዟል ማለት ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ዘንጉን ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ወንበሩን አየችው፤ መብራቱን አየችው፤ ቆማ ቀረች።

አንዋር የወረደው መናኸሪያ ነው። በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡት አውቶቡሶች ከሚራገፉበት ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ከረጢቱን ከጎኑ አኖረ። ሂክመት ሄዳ ከከረጢቱ ወዲያ ተቀመጠች። ዞር ብሎ አያት። አልደነገጠም።

«ሥራ የለሽም እንዴ?»

«ፈቃድ ጠየቅሁ።»

ከረጢቱ ውስጥ ዳቦ ነበር። እሷ ጋሽ ናሆም ያነበቡላትን ሁሉ ነገረችው፤ መብራቱን፣ ብርጭቆውን፣ ጫማውን። እየተናገረች ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አንተ ነህ ማሽኑን ያሳሳትከው» አለችው በመጨረሻ። «አንተ ስትጠብቃት እሱም መጠበቅ ጀመረ።»

አንዋር የከዘራውን ጫፍ እያየ ራሱን ነቀነቀ። «መስከረም መጀመሪያ ላይ ክሊኒክ ልሄድ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። በሩ አልዘጋም አለ። የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሳምንቱ ከጎኔ ያለው ወንበር በራ። መብራቱን ማብራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ሂክመት። ጫማውንም ከዚያ በኋላ ነው የገዛሁት። እኔ አይደለሁም የጀመርኩት።»

ሂክመት አላመነችውም። ብቻውን የሚውል፣ ስኳሩ የሚወጣና የሚወርድበት ሰው ነው። የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ ቢሳሳት አይገርምም።

«ይሰረዝና መድኃኒትህ በሰዓቱ ይምጣልህ» አለችው።

«መድኃኒቱ ይቅር።»

«ስትወድቅ ማን ያነሳሃል? እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ከአንተ በቀር ማን ቀረኝ?»

አንድ አውቶቡስ ከባቲ መጥቶ ተራገፈ። አንዋር የወረደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ሁለተኛም መጣ። ከሁለተኛው የመጨረሻዋ ሴት ከወረደች በኋላ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

ረቡዕ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ጥገና ቤቱ ነበሩ። ጋሽ ናሆም መስመሩን መረጡ። ማሽኑ ምክንያት ጠየቀ፤ ሦስት ቃላት አቀረበ፦ ስህተት፣ ስደት፣ ሞት።

«ስደት ብንለውስ?» አለች ሂክመት።

«ስደተኛ ይመለሳል ተብሎ ይሰላል። ሙቀቱ አይቀንስም።»

«ስህተትስ?»

«ስህተት ከተባለ እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። የልደት ወረቀቷም አብሮ ይሄዳል።»

«ልጄ ስህተት አይደለችም» አለ አንዋር። ከአራት ዓመት በኋላ ልጄ ሲል ሂክመት መስማቷ ነው። ጣቱን ዘረጋና «ነጃት አንዋር፣ ሞት» ብሎ እሱ ራሱ ጮክ አድርጎ ተናግሮ ተጫነው።

ማራገቢያው ወዲያው አልቆመም። እየዘገየ፣ እየሳሳ ሄዶ የመጨረሻዋን ዙር በቀስታ ዞረ። ጋሽ ናሆም ከሥሩ መዳፋቸውን አደረጉ። «በረደ» አሉ፤ ከዚያም ያሉት ነገር ልክ አልመሰላቸውም፤ «አላህ ያጽናችሁ» ብለው ጨመሩ። የሠሩበትን አልቀበልም አሉ።

ቤታቸው ሲደርሱ የሰፈሩ ዕድር የቅሬው ድንኳን በራቸው ላይ ተተክሏል። ወንበር ተደርድሯል፤ ጎረቤት ሞልቷል። ሂክመት ማንም ሰው ሳይነገረው እንዴት ሰማ ብላ ግራ ገባት። ግድግዳ የምትጋራት ሴት አቅፋ አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ጠየቀቻት።

«የዛሬ ዝርዝሬ ላይ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ለቅሶ፣ ስድስት ሰዓት፣ አንዋር ቤት ይላል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያየሁት። እስካሁን ለምን ዝም አላችሁ ብዬ ስጨነቅ ነበር።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንዋር ገና አልተነሣም ነበር። ሂክመት ራሷ እንኳ እሺ ማለቱን እርግጠኛ አልነበረችም።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሸሁ መጥተው ዱዓ አደረጉ። አንዋር በመጀመሪያው ቀን ሳያለቅስ ዋለ፤ በሁለተኛው ቀን አንድ ወጣት ሾፌር ስለ ጅቡቲ መንገድ ሲያወራ ሰምቶ ድንገት ዘጠኝ ዓመት የያዘውን አለቀሰ። ሂክመት ጀርባውን እያሻሸች «አብሽር፣ አብሽር» ትለው ነበር። ልቧ ውስጥ ካለው ኀዘን ጎን አንድ ቀለል ያለ ነገር ነበር፤ ስለሱም አፍራለች።

ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ቦታውን ያዘ። የመድኃኒት ሣጥኑ አንዋር ፊት ሲደርስ ይከፈታል። ጨው በጨው ቀን ይመጣል። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ያለ ድምፅ ይሠራል፤ ሂክመት አልፎ አልፎ እጇን ታሳርፍበታለች፤ ማለዳ ላይ እንዳለ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። አንዋር አራት ሰዓት ላይ የሚሠራው ጠፍቶበት በረንዳ ላይ ይቀመጣል።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከበሩ በኩል የማታውቀው ድምፅ ሰማች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ቆም ይላል፤ እንደገና ይጀምራል። የቤት በር ፊት አይቶ ራሱ መከፈት ከጀመረ ወዲህ የሚያንኳኳ ሰው የለም፤ ምን እንደሆነ እስክታስታውስ ድረስ ዝናብ መውረጃው የተነቀለ መስሏት ኮርኒሱን ታይ ነበር።

በሩን በእጇ ስባ ከፈተችው። ደጃፉ ላይ አቧራ የለበሰች፣ ከንፈሯ የተሰነጣጠቀ፣ በአንድ እግሯ ሸበጥ፣ በሌላው ጨርቅ የጠቀለለች ቀጭን ሴት ቆማለች።

«እማዬ» አለች ሴትዮዋ። «በሩ እምቢ አለኝ።»

ሂክመት ልጇን ያወቀቻት በድምፅዋ ነው። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል። ይዛት ገባች። አንዋር ከበረንዳው ሊነሣ ሞክሮ አቃተው፤ ነጃት ሄዳ እግሩ ሥር ተቀመጠች። እጁን ራሷ ላይ አኖረና ለረጅም ጊዜ አላነሣውም።

እግሯን በለብታ ውሃ እያጠቡ በጥቂት በጥቂቱ አወራቻቸው። አምስት ዓመት የመን ውስጥ በአንድ ቤት፣ ሦስት ዓመት ከምናምን እስር። ዝርዝሩን አልተናገረችም፤ እነሱም አልጠየቋትም።

«መቼ ለቀቁሽ?» አለ አንዋር።

«መስከረም ሲጠባ።»

አንዋር ሂክመትን አላያትም። ቢያያት ትመርጥ ነበር።

«ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ነኝ» አለች ነጃት። «ባሕሩን ከተሻገርኩ በኋላ እንዴት ቀናኝ መሰላችሁ። ድንበር ላይ በሩ ሁሉ ይከፈትልኛል። ወረቀት የለኝም፣ ግን አውቶቡሱ ይቆምልኛል፤ ወንበር እንኳ ይበራልኛል። አገሬ ያወቀኝ መሰለኝ። ሚሌ ደርሼ አንድ ቀን ለመሳፈር ስቆም በሩ አልተከፈተም። በማግስቱም አልተከፈተም። ውሃ መቅጃው እንኳ አይቀዳልኝም። አሥር ቀን ሰሃን እያጠብኩ ቆየሁ። ከዚያ አንድ የከብት መኪና ኮምቦልቻ አደረሰኝ፤ የሐረጎን ዳገት በእግሬ ነው የወጣሁት።»

«ሚሌ ላይ በሩ እምቢ ያለሽ ምን ቀን ነው?» አለች ሂክመት፣ ብታውቀውም።

«ረቡዕ ነበር። ረፋዱ ላይ።»

ሂክመት ፎጣውን አስቀመጠች። «እኛ ነን» አለች። «ሞታለች ብለን አሰረዝንሽ። የአባትሽ መድኃኒት አልመጣ ብሎ ነው።»

ነጃት አባቷን አየችው፤ እናቷን አየቻት፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ አየችው።

«የሚበላ አለ?» አለች።

የነበረው የሁለት ሰው ነው። ለሦስት አካፈሉት።

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄዱ። የወሳኝ ኩነት ክፍሉ ወጣት ሠራተኛ ትሑት ልጅ ነበር፤ ሦስቱንም አስቀምጦ አዳመጣቸው። ነጃትን ካሜራው ፊት አቆማት፤ መስኮቱ ላይ ከኋላዋ ያለው ባዶ ወንበር ብቻ ታየ።

«ሞት አይሰረዝም» አለ። «ማለቴ፣ የተሰረዘ አይመለስም። መንገዱ የለም።»

«ይህችው ቆማ እያየሃት» አለ አንዋር።

«እኔማ አያታለሁ፣ አባቴ። እኔ ብቻ ባያት ምን ይጠቅማታል?» ልጁ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ቀነሰ። «አንድ ነገር ይቻላል። አዲስ ልደት ማስመዝገብ። ቤቱ ውስጥ ዛሬ ልጅ ተወለደች እንላለን፤ ማሽኑ እናትና አባት ካሉ አይከራከርም። ባለፈው ዓመት አንድ የሃምሳ ዓመት ሰውዬን እንዲህ አድርገናል። በመዝገብ ዘንድሮ ዳዴ ይላል። ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይታከማል።»

ነጃት ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር፤ ቢሆንም ነጃት ከመጣች ወዲህ ሂክመት የሰማችው የመጀመሪያው ነው።

በዚያ ቀን ነጃት አንዋር ተወለደች። ማታውን ላፕቶፑ ትንሽ ለብ አለ እንጂ አላጓራም፤ የሕፃን ነገ ብዙ ስሌት አይጠይቅም። በማግስቱ ሱቅ ውስጥ የተዘጋጀው ከረጢት የሦስት ሰው ሆነ፤ በሦስተኛው ክፍል የዱቄት ወተትና የሽንት ጨርቅ ነበረበት። ወተቱን ሦስቱም በሻይ ጠጡት። ሕፃን ያለ እናቷ አውቶቡስ ላይ አትወጣም፤ ስለዚህ ነጃት ከቤት የምትወጣው ከሂክመት ጋር ብቻ ሆነ፤ በሩ እንዳይዘጋባትም እጅ ለእጅ ይያዛሉ። ፋብሪካው ግቢ ውስጥ የሚከፈትላት አንድ በር የሕፃናት ማቆያው ነው። ተንከባካቢዎቹ መጀመሪያ ሲያዩዋት ተያዩ፤ ከዚያ ጥግ ላይ ምንጣፍ አነጠፉላት። በሳምንቱ ሌሎቹን ሕፃናት አዝላ ማስተኛት ጀመረች። ስትተኛ ግን እሷም ምንጣፉ ላይ እንደነሱ ተጣጥፋ ነበር የምትተኛው፤ ተንከባካቢዎቹ ለሂክመት ይህን ሲነግሯት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

በአርባ አምስተኛው ቀን የክትባት ጥሪ መጣ። የቀረ ቤት ክትትል ይደረግበታል፤ ሦስቱም ክሊኒክ ሄዱ። ነርሷ ጠና ያለች ሴት ነበረች። መስኮቷን አየች፤ ነጃትን አየች፤ ሂክመትን አየች፤ በረጅሙ ተነፈሰች። እንዲህ ያለች «ሕፃን» ስታይ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ከአተነፋፈሷ ያስታውቅ ነበር።

«ክብደት ካልሞላሁ አያሳልፈኝም» አለች። «አርባ ስድስት ኪሎ ብጽፍ ደግሞ አይቀበልም። አራት ተኩል እንበል?»

«አራት ተኩል ይሁን» አለች ሂክመት።

«ጡት እየጠባች ነው?»

«ደህና ትበላለች።»

ነርሷ ጻፈች። ጠብታውን አንሥታ «አፍሽን ክፈቺ» አለች። ነጃት ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። ሁለት ጠብታ ምላሷ ላይ ወደቀ፤ ፊቷ ተጨማደደ። ሂክመት ሳታስበው በነጠላዋ ጫፍ አገጯን ጠረገችላት።

«ቀጣዩ ከአንድ ወር በኋላ ነው» አለች ነርሷ።

«ብቻዋን አውቶቡስ ላይ መውጣት የምትችለው መቼ ነው?» ሲል አንዋር ጠየቀ።

«ሰባት ዓመት ሲሞላት።»

«ሥራ መቀጠርስ?»

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ነዋ፣ አባቴ።»

ወጡ። ውጭ ፀሐይ ነበር። ነጃት የእናቷን እጅ ይዛ ቁልቁለቱን ወረደች፤ አንዋር በከዘራው ከኋላቸው ይመጣል። ሂክመት እየተራመደች በልቧ ደመረች። ሃምሳ አንድና ሰባት ሃምሳ ስምንት ነው። ሃምሳ አንድና ዐሥራ ስምንት ስልሳ ዘጠኝ ነው። የፋብሪካው ብናኝ የበላው ሳንባዋ፣ ማለዳ ማለዳ የሚይዛት ጉልበቷ፣ ባለፈው ክረምት ሐኪሙ «ወደፊት እናየዋለን» ያለው ልቧ፤ ሁሉንም በየተራ አሰበቻቸው።

«ምን ሆንሽ፣ እማዬ?» አለች ነጃት።

«ምንም» አለች ሂክመት። «ቀስ ብለን እንሂድ። ከዛሬ ጀምሮ እኔ መቸኮል የለብኝም።»